መብራቱን አልይዝም ያሉት ብራና ፋቂ

አያ ቢያዝን ማረፋቸውን የነገረኝ ከአማኑኤል ከተማ ቅቤ ይዞ የመጣ ነጋዴ ነው። ሱሪው ረዝሞበት ላሳጥርለት እየለካሁት ሳለ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ "ያ ሽማግሌው ሐኪም ትናንት ተቀበሩኮ" አለኝ።

"የቱ ሐኪም?"

"ድሮ ብራና ይፍቁ የነበሩት። አያ ቢያዝን።"

መርፌውን ከአፌ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሰካሁት። ነጋዴው አንዱ እግሩ የተጠቀለለ፣ ሌላው ያልተጠቀለለ ሱሪ ለብሶ ቆሞ ቀረ። "ምነው፣ ዘመድዎ ነበሩ?" አለኝ። ዘመዴ አልነበሩም። ዛሬ ግን ሰማንያ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ያለ መነጽር በመርፌ ቀዳዳ ክር የማስገባው፣ ሰባት ልጆች ወልጄ ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁት በእሳቸው ምክንያት ነው።

ሰው ቶሎ የማደንቅ አይደለሁም። በደብረ ማርቆስ የስፌት መኪናን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትቶ መልሶ የገጠመ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ፤ ያስተማረኝም የለም። ፊደልንም ከመምህር እግር ሥር ቁጭ ብዬ አልተማርኩም። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ሲደግም ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እያየሁ ነው የለየሁት፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ መጽሐፍ ዘቅዝቄም አነባለሁ። መኳንንት ልብስ አስለክተውኛል፤ የቅኔ መምህራን ካባቸውን አሰፍተውኛል፤ ከማናቸውም ጋር ስነጋገር አንሼ አላውቅም። አንሼ የተገኘሁት በአንድ ሰው ፊት ብቻ ነው፤ እሱንም አሁን ልጽፈው ነው።

አያ ቢያዝን አጭር፣ ደንደን ያሉ ሰው ነበሩ። አውራ ጣቶቻቸው ወፍራም ሆነው ጥፍሮቻቸው ከኖራ ብዛት ነጥተው ነበር። በወጣትነታቸው ወደ አስመራ ተሻግረው ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ ጣሊያንኛም ያወቁት እዚያ ነው። ተመልሰው ግን የአባታቸውን ሥራ ያዙ። የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ፍቀው፣ አለስልሰው ለጸሐፊዎች ያቀርባሉ። ቆዳ ሲነኩ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። "ዐይን ከላይ ያለውን ነው የሚያይ" ይሉ ነበር፤ "ውስጡ የሳሳውን የሚያውቀው አውራ ጣት ነው።"

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽግ ሲሠራ ጸሐፊዎቹ የትም ተበተኑ። የሚጽፍ ሲጠፋ ብራና የሚገዛም ጠፋ። ጣሊያኖቹ ከምሽጋቸው ሥር አንድ የቆርቆሮ ቤት ክሊኒክ ከፍተው ነበርና፣ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ደም አይቶ የማይደነግጥ ሰው ሲፈልጉ አያ ቢያዝን አስታማሚ ሆነው ገቡ።

በዚያን ጊዜ ለጣሊያን መሥራት ክፉ ስም ያሰጣል። ጎልማሳው ጫካ ገብቷል፤ የቀረውም ልቡ ጫካ ነው። በገበያ ሲያልፉ ቅመም የምትሸጥ አንዲት ምላሰኛ ሴት፣

"አያ ቢያዝን፣ ዛሬስ የማንን ቆዳ ፍቀው መጡ? የፍየል ነው የሰው?" ትላቸዋለች።

"የሰው ነው እታለም። የፍየሉ ይሻል ነበር፤ አይጮኽም።"

አንድ ቄስ ደግሞ በሰው ፊት፣ "አንተ የብራና ልጅ፣ ለጠላት ማደርህ ነው?" ብለው ገሠጿቸው። አያ ቢያዝን አልተቆጡም። "አባ፣ እርስዎስ ሲታመሙ ወዴት ሊሄዱ ነው? እዚያ ቋንቋዎን የሚያውቅ ሰው ባይኖር ይሻልዎታል?" አሏቸው። ቄሱ ወር ሳይሞላቸው ጉንጫቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ጥርሳቸውን ይዘው መጡ። አያ ቢያዝንም የዚያን ቀኑን ነገር አላነሱባቸውም።

የክሊኒኩ ሐኪም ረጅም፣ ቀጭን ጣሊያናዊ ነበር። ሁላችንም ዶቶሬ እንለዋለን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር። ወታደሮቹን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ስለፈጃቸው ከአገሩ አንድ መሣሪያ አስመጥቶ ነበር። ከክንድ የሚያጥር፣ ቀጥ ያለ የብረት ቧንቧ ነው። ጫፉ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል አምፖል አለችው፤ አምፖሏ በሽቦ ከአንድ ባትሪ ጋር ትያያዛለች። በጎኑ ደግሞ አየር የሚነፋ የላስቲክ ኳስ አለ። ቧንቧው በመቀመጫ በኩል ይገባና፣ አየሩ አንጀቱን ገልጦ፣ ብርሃኑ አብርቶ ዶቶሬው የታችኛውን አንጀት በዐይኑ ያያል። ባትሪውን የሚይዙትና ኳሱን የሚጨብጡት አያ ቢያዝን ናቸው።

ስለዚህ መሣሪያ የከተማው ሰው ያልተናገረው የለም። ነፍስ የሚመጥ ቧንቧ ነው ያለም ነበር። እኔ መሣሪያ ስለማውቅ እስቅባቸው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የማያስቅ ነገር ደረሰ። ደም የሚፈሰው አንድ ገበሬ ከሉማሜ መጣ። "ነገ ጠዋት ባዶ ሆድህን ና" ተባለ። ሰውዬው ዘመዱ ቤት አድሮ፣ ባዶ ሆድ ማለት የታጠበ ሆድ ነው ብሎ ጎህ ሲቀድ ኮሶ ጠጣ። በእኛ አገር ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ዘግቶ ይውላል፤ ጠጣሁ ብሎ ለእንግዳ ሰው አያወራም። እሱም አላወራም። የጠየቀውም የለም። ቧንቧው ገብቶ አየር ሲነፋ አንድ ጊዜ ጮኸ። ማታ ሆዱ እንደ ጣውላ ደረቀ። ኮሶ መጠጣቱን ያሳደረው ዘመዱ የተናገረው ያን ጊዜ ነው። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ኮሶው አንጀቱን አሳስቶት ይሁን፣ የዶቶሬው እጅ ቸኩሎ ይሁን፣ ወይስ በሽታው ራሱ አስቀድሞ በልቶት ይሁን፣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። ዶቶሬው መዝገቡ ላይ "ተቅማጥ" ብሎ ጻፈ። አያ ቢያዝን ግን አስከሬኑን ከተሸከሙት ሰዎች ጋር እስከ ሉማሜ በእግራቸው ሄዱ። ለሚስቱና ለወንድሞቹ፣ "ልናድነው ብለን ስናየው በሳነው። ኮሶ ጠጥቶ ኖሯል። እኛም አልጠየቅነውም" ብለው ነገሩ። ታላቅ ወንድሙ ዱላ አንሥቶ ሲመጣባቸው አልሸሹም። ያስጣለቻቸው የሟች ሚስት ናት፤ "ተወው፤ ሌላው ዝም ሲል እሱ ነው የነገረን" አለች ይባላል።

ከዚያ ወዲህ አያ ቢያዝን ለዚያ ምርመራ የሚመጣን ሰው ሁሉ ሦስት ጊዜ ይጠይቁ ጀመር፤ አንዴ በር ላይ፣ አንዴ ሲያጥቡት፣ አንዴ ቧንቧው ሊገባ ሲል። "ኮሶ ጠጥተሃል?" ዶቶሬውም ደንብ አወጣ፤ ጠጥቶ የዋሸ ሰው ከክሊኒኩ ተባርሮ ሁለተኛ አይመለስም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ለወራት ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ነገር ያስቀምጠኝ ነበር፤ ሰውነቴ አልቆ ቀበቶዬን በየሳምንቱ አዲስ ቀዳዳ እበሳለት ጀመር። ጎረቤት ሁሉ ኪንታሮት ነው አለ። እኔም አንድ አሮጌ የመድኃኒት መጽሐፍ ነበረኝና አንብቤ ኪንታሮት መሆኑን በራሴ አረጋገጥሁ። እናቴ ጉንደ ወይን አካባቢ ኪንታሮት በሚያቃጥል ቅጠል የሚነቅል ሰው አነጋግራ ቀን ተቆርጦልኝ ነበር።

አያ ቢያዝን የክሊኒኩን ነጭ ካባዎች ለማስጠገን ሱቄ መጡ። ከመኪናዬ ፊት፣ ከወንበሬ ላይ ያለውን ትራስ አዩ።

"ይህ ትራስ ምንድን ነው?"

"ምቾት ነው አያ።"

"ምቾቱ ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነው?"

ሣቅሁ፤ ከዚያ ነገርኳቸው። "ኪንታሮት ነው" አልኩ በመጨረሻ።

"አይተኸዋል?"

"እንዴት አድርጌ አየዋለሁ?"

"እኔም አላየሁት። ጉንደ ወይን ያለው ሰውዬም አላየው። እንግዲህ ሦስታችንም ያላየነውን ነገር ሊያቃጥለው ነው።" ካባዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። "እንየውና እናውራ።"

ይህች "እንየውና እናውራ" የእሳቸው ቃል ናት። ቁስል ሲያመጡላቸውም፣ ጠብ ሲያመጡላቸውም የሚሏት እሷን ነው።

ክሊኒክ ሄድሁ። ዶቶሬው ዳሰሰኝና ሦስት አራት ቃል ተናገረ። ጣሊያንኛን ከቆርቆሮና ከሣጥን ላይ ጽሑፍ ራሴን አስተምሬ ስለነበር ገብቶኛል፤ "ምንም አደጋ የለውም በለው" ነው ያለው። አያ ቢያዝን ወደ እኔ ዞሩ።

"ስማኝ። መሣሪያው የሚያየው የታችኛውን አንጀት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን አናይም፤ አላየንም ማለት የለም ማለት አይደለም። የሚደማው ከየት እንደሆነ ካገኘን ግን መድኃኒቱን በግምት አንሰጥህም። አደጋም አለው። ጤነኛ ቆዳ ስትወጥረው እሺ ይላል። መዥገር የበላው ቆዳ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይቀደዳል። አንጀት ደግሞ ከብራና ይሳሳል። ከተቀደደ ቆሻሻው ሆድ ዕቃህ ውስጥ ይፈስሳል፤ ያንን እዚህ የሚሰፋልህ የለም። አንድ ሰው ሞቶብናል። አብዛኛው ሰው ግን በእግሩ ወጥቶ ሄዷል።"

ዶቶሬው ሰዓቱን አየ። "እኔ ሦስት ቃል ተናገርሁ፤ አንተ ስብከት ትሰብካለህ?"

"አማርኛ ረጅም ነው፣ ዶቶሬ" አሉት፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

እሺ አልኩ። በነጋታው ባዶ ሆዴን እንድመጣ ተነገረኝ። የሉማሜውን ሰው ታሪክ አውቃለሁ፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን እኔ ከሉማሜ ገበሬ ጋር ራሴን አላስተካክልም ነበር። መጽሐፌ አንጀት የሚጠራው በኮሶ ነው ይላል። ያ ሰው መጠኑን ሳያውቅ ጠጥቶ ነው፤ እኔ መጥኜ ብጠጣ ዶቶሬው እንደ መስተዋት የጠራ አንጀት አይቶ ይደነቃል ብዬ አሰብኩ። ጎህ ሲቀድ ጠጣሁ።

በር ላይ አያ ቢያዝን ጠየቁኝ። "ኮሶ ጠጥተሃል?"

"ኧረ አልጠጣሁም።"

ትንሽ ቆይተው ለብ ያለ ውኃ በመቀመጫዬ አስገብተው ሊያጥቡኝ ሲዘጋጁ ደገሙ። "ዐይንህ ጎድጉዷል። ኮሶ አልጠጣህም?"

"እንቅልፍ አጥቼ ነው።"

ከዚያ አጠቡኝ። በቆርቆሮ ሳሕን የወጣውን ይዘው ወደ ደጅ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። "ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምጠይቅህ።"

"በማርያም አልጠጣሁም!"

ወጡ። ዶቶሬው ገባ። በጉልበቴና በደረቴ ተደፍቼ፣ መቀመጫዬን ወደ ሰማይ አድርጌ ጠበቅሁ። እንደኔ ያለ ሰው በዚያ ሁኔታ ሲገኝ ዓለም ምን ያህል ዝም እንደምትል ልነግራችሁ አልችልም።

አያ ቢያዝን ሳሕኑን ፀሐይ ላይ አድርገው አይተውት ኖሯል። የኮሶ አበባ ፍርፋሪ መደበቂያ የለውም። ሲመለሱ በክንዴ ሥር አሻግሬ ፊታቸውን አየሁት። እኔን አላዩኝም። ዶቶሬውን በጣሊያንኛ፣ "ዛሬ አይሆንም። እጥበቱን እኔ አበላሽቼዋለሁ" አሉት።

"የሚሆነውንና የማይሆነውን የምወስነው እኔ ነኝ። መብራቱን ያዝ።"

"አልይዝም።"

"ምን አልህ?"

"መብራቱን አልይዝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሌላ ቀን ይምጣ።"

በጥፊ መታቸው። በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ድምፁ እንደ ጅራፍ ነበር። አያ ቢያዝን እጃቸውን እንኳ ወደ ጉንጫቸው አላነሡም። ባትሪው ከጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ። ዶቶሬው ፎጣውን ወርውሮ፣ እየተሳደበ ወጣ።

"ተነሥና ልበስ" አሉኝ።

ለብሼ ቆምሁ። "ለምን እውነቱን አልነገሩትም?" አልኳቸው።

"ብነግረው ያባርርሃል። ካባረረህ ጉንደ ወይን ትሄዳለህ።" ሳሕኑን በውኃ አለቅልቀው ደፉ። "ሁለት ሳምንት አንጀትህን አሳርፈው። ከዚያ ና፤ ወይም አትምጣ። ኮሶ ጠጥተህ ከሆነ ግን እባክህ አትምጣ፤ ሌላ ጉንጭ የለኝም።"

ሁለት ነበራቸው እንጂ። ይህን ዛሬ ስጽፈው ፈገግ አልኩ፤ ያን ቀን ግን አልሣቅሁም።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ዶቶሬው ለቅጣት ውኃ አስቀዳቸው። በትከሻቸው ሁለት ጣሳ ተሸክመው በሱቄ ፊት ሲያልፉ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። አንድ ቀን ጣሳዎቹን ደጄ ላይ አሳርፈው ገቡና ከትራሴ አጠገብ ተቀመጡ።

"ፈራህ?"

"እኔ? አልፈራሁም።"

"እኔ ብሆን እፈራ ነበር" አሉ። "መፍራትህ ልክ ነው። ተመርመር ብዬ አልለምንህም፤ ምናልባት ብትቀደድ ነፍስህ በእጄ ነው። አትመርመር ብዬም አልከለክልህም፤ እንዲሁ ብትደማም ታልቃለህ። ሁለቱንም አውቀህ አንተው ወስን። እኔ የምችለው አንድ ነገር ነው። ቧንቧው ሲገባ እጄን ሆድህ ላይ አደርጋለሁ። አየሩ ሲበዛ አውራ ጣቴ ያውቀዋል።"

እናቴ ወደ ጉንደ ወይን ልትወስደኝ ስትዘጋጅ፣ እኔ ጠዋት ተነሥቼ ወደ ክሊኒኩ ሄድሁ። ምንም አልጠጣሁም። አያ ቢያዝን ሦስቴ ጠየቁኝ፤ ሦስቴም እውነቱን መለስሁ። ለእውነተኛ ቃል የሚያስፈልገው ትንፋሽ ትንሽ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

"እንደ ስግደት ሁን" አሉኝ።

"ለማን ነው የምሰግደው?"

"ለዚህ ቧንቧ። ዝም ብለህ ተንፍስ።"

ብረቱ ይቀዘቅዛል። ቁርጠት ይመጣል፤ አሁን የማያስፈልግ ነገር አምልጦኝ እዋረዳለሁ የሚል ስጋት ይመጣል። ከዚያ አየሩ ገባ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። በግራ እጃቸው ኳሱን ጨብጠው፣ የቀኝ መዳፋቸውን ከሆዴ ሥር አስገብተው ነበር። ዐይናቸውን ጨፍነዋል።

"ባስታ" አሉ፤ በቃ ማለታቸው ነው።

ዶቶሬው፣ "ገና ነው፤ ጨምር" አለ።

"ባስታ፣ ዶቶሬ። ቆዳው ከዚህ በላይ አይሰጥም።"

ሁለተኛ ጥፊ ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ዶቶሬው ግን እጁን አላነሣም። የሉማሜውን ሰው አስታውሶ ይሆናል፤ አላውቅም። ከዚያ "ባስታ" አለ እሱም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ በተገለጠለት ልክ ማየት ጀመረ። ቧንቧውን እያወጣ ሳለ አያ ቢያዝንን ጠርቶ አሳያቸው።

"ምን ይታያል?" አልኩ ከተደፋሁበት።

"ኪንታሮት የለም። ነቀርሳም አላየንም። መዥገር የበላው ቆዳ አይተህ ታውቃለህ? እንደዚያ ነው፤ ትንንሽ ቁስል፣ ብዙ። ይድናል።"

ዶቶሬው ከቁስሉ በትንሽ ማንኪያ ቆንጥሮ በማጉያ መሣሪያው አየ። አሜባ ነበር። ዛሬ ይህን ስም የማያውቅ የለም፤ ያን ጊዜ በደብረ ማርቆስ የምናውቀው ጥቂት ሰዎች ነበርን። መርፌ በየቀኑ ተወጋሁ። መርፌው ልብ ያደክማል ተብሎ ከአልጋ እንዳልወርድ ተከልክዬ ነበርና፣ አያ ቢያዝን በየቀኑ እየመጡ የልቤን ምት ይቆጥሩ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ትራሱን ከወንበሬ ላይ አነሣሁት። ያ የሚያቃጥል ቅጠል በዚያ ቁስል ላይ ቢፈስስ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ማሰብ አልወድም።

ጣሊያን ሲወጣ ዶቶሬውም አብሮ ሄደ። አያ ቢያዝን በመንግሥት ክሊኒክ ቁስል የሚያክሙ ድሬሰር ሆኑ፤ በኋላም ወደ አማኑኤል ተዛውረው እዚያው ጡረታ ወጡ። ለዓመታት በገበያ ቀን ሲመጡ ሱቄ በር ላይ ቆመው በስሜ ጠርተው፣ "ሆድህ እንዴት ነው?" ይሉኛል። "ደኅና ነው አያ" እላቸዋለሁ። ያን የጥፊ ቀን አንድም ጊዜ አላነሡብኝም፤ እኔም አላነሣሁም።

ለሠልስታቸው አማኑኤል ሄድሁ። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ለቅሶው ጋብ ሲል ሰው ስለ እሳቸው ማውራት ጀመረ። አንድ ጎልማሳ ነርስ፣ አያ ቢያዝን ያሠለጠኑት ነው፣ "ለአዲስ ተማሪ ሁሉ የሚነግሩን አንድ ታሪክ ነበር" አለና ጀመረ። ኮሶ ጠጥቶ የመጣ አንድ ወጣት ነበር አለ። ሦስቴ ተጠየቀ አለ። ከዚያ ድምፁን አቅጥኖ፣ "በማርያም አልጠጣሁም!" ሲል ድንኳኑ በሣቅ ተናወጠ። ጥፊውንም ተናገረ። "ታዲያ አባታችን ሲጨርሱ እንዲህ ይሉን ነበር፤ 'በሽተኛ ቢዋሻችሁ አትቆጡ፤ ለምን እናንተን እንደፈራ ራሳችሁን ጠይቁ።'"

"ውሸታሙ ግን ማን ነበር?" አለ አንድ ሰው።

የአያ ቢያዝን ልጅ፣ ወይዘሮ የሺ፣ ዐይኗን እየጠረገች፣ "እኛም ጠይቀናቸው ነበር" አለች። "'ስሙ ጠፋብኝ' ነው የሚሉን።"

ስሙ ጠፋብኝ! በየገበያው ቀን ሱቄ በር ላይ ቆመው የሚጠሩት ስም።

እኔም ታሪኩን ብዙ ጊዜ አውርቼው አውቃለሁ። በእኔ አወራር ዶቶሬው ንጽሕናዬን አድንቆ ነው የመረመረኝ፤ ኮሶ የለም፣ ማርያም የለችም፣ የማንም ጉንጭ በጥፊ አልተመታም። ሚስቴ እውነቱን ሳትሰማ ሞታለች። ልጆቼ ሳይሰሙት አድገዋል። በዚያ ድንኳን ዝም ብዬ ብሣቅ የሚያውቅብኝ ሰው በምድር ላይ አልቀረም ነበር።

ተነሣሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ደብረ ማርቆስ ያለሁት ልብስ ሰፊው። ኮሶውን ጠጥቼ በማርያም የማልሁት እኔ ነኝ። ያን ጥፊ ለእኔ ነው የተቀበሉልኝ።"

ሣቁ ቆመ። ወይዘሮ የሺ ተነሥታ መጣችና በሁለት እጇ እጄን ይዛ ሳመችው፤ እኔ ደግሞ ግንባሯን ሳምኳት። አንዳንዱ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። አንዱ ከኋላ፣ "እኚህ ትልቅ ሰው!" ሲል ሰማሁ፤ አድንቆኝ ይሁን ታዝቦኝ አልለየሁም።

ስቀመጥ ከጎኔ የነበረ አንድ ከሲታ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ልጄ አዲስ አበባ ወስዶ በዚያ መሣሪያ ሊያስመረምረኝ ነው" አለኝ በሹክሹክታ። "አሁን ያለው እንደ ገመድ የሚተጣጠፍ ነው፣ ሩቅ ድረስ ያያል ይላል። ደም እያየሁ ነው።"

የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ደም ከየት እንደሚመጣ ሳያዩ መድኃኒት መስጠት ያው ግምት መሆኑን፣ ማየቱ ብዙ ሰው ማትረፉን፣ አልፎ አልፎ ግን አንጀት ሊቀደድ፣ ሊደማም እንደሚችል፣ ሐኪሙን ፊት ለፊት እንዲጠይቀው፣ የጠጣውንና የዋጠውን ሁሉ ሳይደብቅ እንዲናገር ነገርኩት። አጥብቆ ሰማኝ። ከዚያ ይህን ሁሉ ትቶ ሌላ ነገር ጠየቀኝ።

"ያን ጊዜ እርስዎ ፈርተው ነበር?"

በሕይወቴ ለዚህ ጥያቄ የምመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነበረኝ፤ አልፈራሁም የሚል።

"በጣም" አልኩት። "ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።"

የሰውዬው ትከሻ ዝቅ አለ። "እኔም ፈርቻለሁ" አለና ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።